የልጅነት ጀግኖች ትዝታና የሠዓሊው እጅ

መግቢያ

የልጅነት ንባቡን የሚያነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው ገጸ ባሕርዩን እንጂ ደራሲውን አይደለም። ይህ በማንኛውም የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የሚታይ ቢሆንም፣ በአሜሪካ የኮሚክ መጽሔቶች፣ ይኸውም ታሪክን በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ምልልሶች በሚተርኩት ኅትመቶች ዘንድ ይበልጥ ጎልቶ ይገኛል። ሱፐርማንን፣ ባትማንንና ስፓይደርማንን በስም የማያውቅ የከተማ ወጣት ማግኘት ያዳግታል። እነዚህን ልዕለ ጀግኖች ማን ጻፋቸው፣ ማንስ ሣላቸው ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ የሚሰጠው እጅግ ጥቂት ነው።

በአሜሪካ እነዚህን መጽሔቶች እያነበቡ ያደጉ ሰዎች ከጎለመሱ በኋላ ስለ ልጅነት ጀግኖቻቸው የጻፉት የትዝታ ጽሑፍ ብዙ ነው። ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ እንደ ሆደ ባሻነት ቆጥሮ ማለፍ ቀላል ነው። የዚህ መጣጥፍ አቅራቢ እምነት ግን ከዚህ ይለያል። አንባቢው የጀግናው ናፍቆት የመሰለው ስሜት በአብዛኛው የአንድ ሠዓሊ እጅ ናፍቆት ነው። ይህም ትዝታ በሥርዓት ሲመረመር የተዘነጉ ባለሙያዎችን ስም እስከ መመለስ የሚደርስ የሂስ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ ይህን በምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን። የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስማቸው የተሸፈነ ፈጣሪዎች

ሱፐርማን ለአንባቢ የቀረበው በ1938 ሲሆን፣ ፈጣሪዎቹ ጸሐፊው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር ነበሩ። ሁለቱ ወጣቶች የገጸ ባሕርዩን መብት ለአሳታሚው የሸጡት በ130 ዶላር ነው። መብታቸውን ለማስመለስ በ1947 ክስ ከመሠረቱ በኋላ ስማቸው ከገጹ ላይ ወጣ። ስሙ የተመለሰላቸውና ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር የተቆረጠላቸው በ1975፣ ጉዳያቸው በሕዝብ ፊት ከቀረበ በኋላ ነው።

በ1939 የወጣው ባትማን ደግሞ የዚህን ተገላቢጦሽ ያሳያል። በገጹ ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በፈጣሪነት ሰፍሮ የኖረው የሠዓሊው የቦብ ኬን ስም ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ታሪክ የጻፈውና የጀግናውን ካባና ጭምብል መልክ ያስያዘው ቢል ፊንገር በ1974 ሲሞት ድርሻው በይፋ አልታወቀለትም ነበር፤ ስሙ በፈጣሪነት መጠቀስ የጀመረው በ2015 ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን በ1960ዎቹ ማርቭል የተባለው አሳታሚ ይሠራበት የነበረው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ መሠረት ጸሐፊው ሙሉ ጽሑፍ አያዘጋጅም። ጸሐፊው ስታን ሊና ሠዓሊው በታሪኩ ፍሬ ነገር ላይ ባጭሩ ይነጋገራሉ፤ ሠዓሊው የድርጊቱን ፍሰትና የየትዕይንቱን ርዝመት ወስኖ ታሪኩን በየገጹ ከፋፍሎ ይሥላል፤ ምልልሱ የሚጻፈው ከሥዕሉ በኋላ ነው። ታዲያ ተራኪው ማን ነው? ታሪክን ከአተራረክ ለይቶ ማየት የለመደ ተማሪ የአተራረኩ ትልቁ ክፍል የሠዓሊው እንደነበረ ለመገንዘብ አይቸግረውም። ይሁንና በ1961 ከሊ ጋር ፋንታስቲክ ፎርን የፈጠረው ሠዓሊ ጃክ ከርቢ፣ በእጁ የሣላቸውን ዋና ገጾች እንኳ ለማስመለስ ለዓመታት ተከራክሯል። በ1987 የተመለሱለትም ከብዙ ሺህ ገጾች መካከል ወደ 2,000 የሚሆኑት ብቻ ናቸው።

በእጅ የሚታወቅ ሥራ

ከርቢ የሚሥለው ቡጢ ገጹን ጥሶ ወደ አንባቢው ፊት የሚመጣ ይመስላል፤ የጠፈርን ኃይል የሚገልጸውም በጥቋቁር ክብ ነጠብጣቦች ክምችት ነው። በአንጻሩ በ1962 ስፓይደርማንን የሣለው ስቲቭ ዲትኮ የጀግናውን ፊት ሙሉ በሙሉ ስለ ሸፈነው፣ ስሜቱ የሚነበበው በሰውነቱ አጎነባበስና በጣቶቹ አያያዝ ነው። ፌብሩዋሪ 1966 የሚል ቀን በያዘው 33ኛው እትም፣ ጀግናው ከከባድ የብረት ክምር ሥር ተይዞ፣ ውኃ እየወረደበት፣ ለታመመችው አክስቱ መድኃኒት ለማድረስ ይታገላል። ዲትኮ ይህን አንድ ድርጊት በበርካታ ገጾች ላይ ያራዝመዋል። ብረቱ መነሣት ሲጀምር የምስሎቹ መጠን እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ሙሉ ገጽ ይይዛል። ከዓመታት በኋላ አንባቢው «ብረቱን ያነሣበት ቦታ» እያለ የሚያስታውሰው ይህንኑ የርዝመትና የስፋት ምጣኔ ነው። ያው ድርጊት በአንድ ትንሽ ምስል ቢያልፍ ኖሮ የሚታወስ አይሆንም ነበር።

ልጆች የአንዱን ሠዓሊ እጅ ከሌላው እንደሚለዩ የሚያስረዳው ጥሩ ማስረጃ ከልዕለ ጀግኖች ውጭ ይገኛል። ካርል ባርክስ ከ1942 ጀምሮ የዶናልድ ዳክን ታሪኮች ሲጽፍና ሲሥል ስሙ አይታተምም ነበር። ልጆቹ ግን ሥራውን ከሌሎቹ ለይተው «ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ» ይሉት ነበር። ስሙን ፈልገው የደረሱበት በ1960 ገደማ፣ ካደጉ በኋላ ነው። በልዕለ ጀግኖች ረገድም በ1961 ጄሪ ቤይልስ የልጅነት ጀግኖቹን የሚያነሣ አንድ አነስተኛ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። ከ1973 እስከ 1976 ደግሞ ከሃምስ ዌር ጋር ሆኖ በአሜሪካ ኮሚክ የሠሩ ባለሙያዎችን ስም የሚዘረዝር አራት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። ለዚህ ሥራ አንዱ መንገድ የመስመርን አጣጣልና የፊትን አሣሣል እያነጻጸሩ የባለቤቱን ማንነት መለየት ነበር። በትዝታ የተጀመረው ነገር በዚህ መልክ ወደ ጥናት ተሸጋገረ።

ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ15ኛው ምእተ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ የሚታወቀው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኝ ሥዕል ላይ ተጽፎ በመገኘቱ ነው። ስም የሌለባቸው ሌሎች ሥዕሎች የእርሱ ወይም የተከታዮቹ ናቸው የተባሉት በአሣሣል ስልታቸው ተለይተው ነው። እርግጥ የገዳም ሥዕልና የጋዜጣ መሸጫ መጽሔት በዓላማቸው አይገናኙም፤ ስም በጠፋበት ቦታ ባለሙያውን በእጁ የመለየቱ ዘዴ ግን አንድ ነው።

የትዝታ ድክመት

ትዝታ ብቻውን ግን በቂ ምስክር አይደለም፤ የወደደውን ይዞ ያላስደሰተውን ይጥላልና። ካርቱኒስቱና ጸሐፌ ተውኔቱ ጁልስ ፋይፈር በ1965 ስለ ልጅነት ልዕለ ጀግኖቹ ያሳተመው መጽሐፍ በዚህ ረገድ አርአያ ሊሆን ይችላል። ፋይፈር ኮሚክ ከፍ ያለ ጥበብ ነው ብሎ አይሟገትም፤ ተራ ነገር መሆኑን አምኖ፣ ልጅ ለምን እንደሚፈልገው ይመረምራል። በወጣትነቱ የሠራለት ዊል አይስነርም ገጽን በማቀናበር ረገድ ከታላላቆቹ የሚቆጠር ነው። ሆኖም አይስነር በ1940 በጀመረው ዘ ስፒሪት ውስጥ ኢቦኒ ኋይት የተባለውን ጥቁር ረዳት በተጋነነ ከንፈርና በተሰባበረ አነጋገር ለመሣቂያ አቅርቦታል። የልጅነት ፍቅሩን የሚጽፍ ሃያሲ ይህንንም የሣለው ያው የሚያደንቀው እጅ መሆኑን መመዝገብ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው የልጅነት ጀግና ትዝታ ለሃያሲ መነሻ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር «ምን ወደድሁ?» ከሚለው ጥያቄ «የማንን ሥራ ወደድሁ? በምን ዘዴስ እንድወደው አደረገኝ?» ወደሚለው መሸጋገር ነው። ሹስተር ስሙን ለማየት ወደ ሠላሳ ዓመት ጠብቋል፤ ፊንገር ሳያየው አልፏል። የዚህ መጣጥፍ አቅራቢ ካነበባቸው የልጆችን መጻሕፍት የሚመለከቱ የተማሪ ጥናቶች ውስጥ፣ በአብዛኞቹ የደራሲው ስም ተመዝግቦ የሠዓሊው ሳይጠቀስ ቀርቷል። በሌላ አገር የደረሰውን ጥፋት በራሳችን መጻሕፍት ላይ ላለመድገም፣ ከሠዓሊዎቹ መካከል በሕይወት ያሉትን ጠይቆ ስማቸውን ከወዲሁ መመዝገብ የተማሪዎቻችን ሥራ ሊሆን ይገባል።