ቁስሉ ሻረ፣ በሽታውስ?

በቡና ለቀማው ወቅት ከፍስሐ ገነት ወደ ዲላ የመጡ አንዲት እናት ከሐሳቤ አልወጡም። በፕሬድኒሶሎን ክኒን ቆዳቸው ደርቆ፣ አፋቸው ሽሮ፣ እህል መቅመስ ጀምረው ነበር ወደ ቤታቸው የተመለሱት። ዳግም ሲመጡ ጀርባቸው ተልጧል። «ሽሮልኝ ነበር፤ ተውኩት» አሉኝ።

ይህን ቃል መስማት ሰልችቶኛል። ፔምፊገስን ሰው ሁሉ እንደ ምች ያየዋል፤ ዳማከሴ ታሽቶበት፣ ቁስሉ ሲጠግግ የሚያበቃ ይመስለዋል። ፔምፊገስ ግን የራስ የሰውነት መከላከያ የቆዳን ሕዋሳት አያይዞ የሚይዘውን ዴስሞግሊን የተባለ ፕሮቲን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። አጥቂዎቹ ፀረ እንግዳ አካላት ቁስሉ ከደረቀ በኋላም በደም ውስጥ ይቆያሉ። አዲስ ውኃ መቋጠር ሲቆም ገና መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ወደ መቀነስ እንገባለን፤ ያም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል።

ብዙዎችን መድኃኒቱን የሚያስቆማቸው ደግሞ እሱ የሚያመጣው የፊት ማበጥ ነው። ጎረቤት «ይህ ክኒን ሊገድልሽ ነው» ይላል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፦ ስኳርና ግፊት ይመጣሉ፣ አጥንት ይሳሳል፣ የተደበቀ ቲቢ ይቀሰቀሳል፣ አንጀት ውስጥ የኖረ ትል በሰውነት ሊዛመት ይችላል። ከመጀመራችን በፊት የደረት ራጅ የምናዘው፣ የትል መድኃኒት የምንሰጠውም ለዚሁ ነው። ግን 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባለ 5 ሚሊግራሙን በቀን 12 ፍሬ እየወሰደ ከርሞ በድንገት ቢያቋርጥ፣ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት እጢዎች ሥራ ፈትተው ስለቆዩ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነው ኮርቲሶን ሳይገኝ በፊት የዚህ በሽታ ታማሚዎች አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቁ ነበር። ጎረቤት ይህንን አያወራም።

በሌላው ዓለም ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት የክኒኑን ሸክም አቅልሏል፤ አሜሪካ ለፔምፊገስ ያጸደቀችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ዋጋው ግን ከአንድ የጌዴኦ ቡና ገበሬ አቅም በላይ ነው። እኛ ጋ ያለው ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን ነው፤ ስለዚህ አወሳሰዱ ላይ መቀለድ አንችልም።

ጥፋቱን በታካሚው ላይ ብቻ አልጭንም። «እስከ ቀጠሮህ ውሰድ» ብሎ መሸኘት ማስረዳት አይደለም። የጤና ጣቢያና የፋርማሲ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ክኒን አልቆበት የመጣ ታካሚ ስታገኙ ካርዱን እዩ፤ በዚያው ቀን ሳይወስድ እንዳያድር አድርጉ። ቤተሰብም በሽታው እንደማይጋባ ይወቅ፤ ታማሚውን አያግልል፣ ክኒኑ ሊያልቅ ሲልም ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይዞት ይምጣ።