«አደራ፣ የለም እንዳትዪኝ»

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚመጡት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ሰሞኑን አንዷ ልጇን አዝላ ገባች። ማዘዣውን ገና ሳላነበው «ዶክተር፣ አደራ፣ የለም እንዳትዪኝ» አለችኝ።

መድኃኒቱ አለ። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው፦ «አሞክሳሲሊን ሽሮፕ፣ 5 ሚሊ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ5 ቀን።» መደርደሪያው ላይ ያለው ሽሮፕ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በ5 ሚሊ ውስጥ 125፣ ሌላው 250 ሚሊ ግራም ይይዛል። የትኛው? ለዕድሜ፣ ለክብደትና ለበሽታው ስም በማዘዣው ላይ ቦታ ታትሟል፤ ሁሉም ባዶ ነው።

እናቲቱን ከነልጇ ሚዛን ላይ አወጣኋት፤ ከዚያ ልጁን ተቀብዬ ብቻዋን መዘንኳት። ልዩነቱ 9 ኪሎ ሆነ። ክብደቱም አልለየልኝም። ከ125ቱ ቢወስድ በቀን 375 ሚሊ ግራም ያገኛል፤ ቀለል ላለ ኢንፌክሽን ያስኬዳል። ከ250ው ቢወስድ 750 ይሆናል፤ የሳንባ ምች የሚፈልገው ይህን ያህል ነው። የሚለያቸው ሐኪሙ ያየው በሽታ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተጻፈም።

የሐኪሙም ስም የለም፤ ፊርማ ብቻ። በማኅተሙ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ተረኛው የልጁን ካርድ ፈልጎ እስኪያገኝ ጠበቅን። «ካለ ስጪኝ እንጂ፣ መሸብኝ እኮ» አለች። እውነቷን ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አስቀምጬ «ይሄ የዚያን እጥፍ ነው፤ የሳንባ ምች ከሆነ ያኛው ያንሰዋል» አልኳት። ዝም አለች። መልሱ መጣ፦ የሳንባ ምች፣ 250ው።

እኛ ፋርማሲስቶች የሐኪሙን ልማድ እያሰብን ባዶውን በግምት መሙላት ይቀናናል። ብዙ ጊዜ ይሰምርልናል። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ዛሬ የሰመረ ግምት ነገም ያደፋፍራል። ለሐኪሞች የምለው ደግሞ፦ እናንተ በጥቂት ሰከንድ የምትሞሉትን መስመር እኛ ስንሞላው የታመመ ልጅ ያዘለች እናት ቆማ ትጠብቃለች። ስንደውልም ዕውቀታችሁን ተጠራጥረን አይደለም።

የ250ውን ጠርሙስ ዱቄት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ሞልቼ በጠበጥኩ፤ መስፈሪያውን 5 ላይ በጣቴ አሳየኋት። ልትወጣ ስትል ዞር አለች።

«ሌላ ጊዜ ሐኪሙን ምን ልበለው?»

«የልጄ ኪሎ፣ የበሽታው ስምና ሽሮፑ ባለስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ ይጻፍልኝ በዪው» አልኳት። እየደጋገመችው ወጣች።