ትንሹ ፒክአፕ ወይስ ትልቁ?
የመኪና ምርጫ በአርሲ ደጋ ከፊዚክስ አንጻር

በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ በሚሰበሰብባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት፣ ምርቱን ከማሳ ወደ ጎተራና ወደ ገበያ የማድረስ ሥራ ፋታ የማይሰጥ ነው። ኮምባይነር በአንድ ቀን አጭዶ የወቃው እህል በወቅቱ ካልተነሣ ያልታሰበ ዝናብ ሊያበላሸው ይችላል። በዚህም ምክንያት የራሱን ፒክአፕ ለመግዛት የሚያስብ ገበሬ፣ ነጋዴ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ጥቂት አይደለም። ገንዘቡ የብዙ ዓመታት ጥሪት እንደመሆኑ መጠን በምርጫው ላይ የሚፈጸም ስሕተት ለረጅም ጊዜ ያስከፍላል፤ አንዳንዴም ከገንዘብ የከበደውን ሕይወትን። ታዲያ ትንሹ ይሻላል ወይስ ትልቁ? በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ የምንሻው ከሻጭና ከደላላ ሳይሆን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከምንማረው ፊዚክስ ነው።

ሁለቱ ተፎካካሪዎች

በአሜሪካ ፒክአፖች በመጠናቸው ትንሽ፣ መካከለኛና ሙሉ እየተባሉ ይከፈላሉ። እንደ ፎርድ ኤፍ-150 ያሉት ሙሉ መጠን ያላቸው ግን በሀገራችን እምብዛም አይታዩም። በእኛ ዘንድ ጥያቄው በአብዛኛው የሚነሣው እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባለው ቀለል ያለ ፒክአፕና እንደ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ባለው ከባድ መኪና መካከል ነው። ሃይሉክስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ በቁጥር 70 የሚታወቀው የላንድ ክሩዘር ዝርያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ቀርቧል።

ለንጽጽር እንዲመቸን ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ መኪና እንውሰድ። ትንሹ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የሃይሉክስ ትውልድ ላይ የተገጠመው ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ የናፍጣ ሞተር ያለው ሲሆን፣ ኃይሉ ወደ 75 ኪሎዋት ነው። ትልቁ ባለ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ነገር ግን ቱርቦ የሌለው የላንድ ክሩዘር ሞተር አለው፤ ኃይሉም ወደ 96 ኪሎዋት ይደርሳል። የባዶ መኪኖቹን ክብደት ለስሌታችን ያህል 1,700 እና 2,200 ኪሎ ግራም ብለን እንያዝ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የሁለቱም የመጫን አቅም ተቀራራቢ ነው፤ ወደ አንድ ቶን፣ ማለትም ወደ 10 ኩንታል። ትልቁ መኪና ከትንሹ የሚበልጠው በአመዛኙ በራሱ ብረት ነው፤ ሻንሲውና ባሌስትራው ለአስቸጋሪ መንገድ እንዲጸኑ ተደርገው ስለተሠሩ ክብደቱ ጨምሯል። በተጨማሪም ደብል ጋቢና መኪና እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ሲይዝ 325 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከሦስት ኩንታል በላይ፣ ከተፈቀደው ጭነት ላይ መቀነስ እንዳለበት ልብ ይሏል።

አየሩ ሲሳሳ

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር፣ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር እፍጋት ይቀንሳል። በዓለም አቀፉ የአየር ጠባይ መለኪያ መሠረት ሲሰላ፣ የአየሩ እፍጋት በአሰላ ከፍታ በባሕር ወለል ካለው 79 በመቶ ገደማ፣ በበቆጂ ደግሞ 76 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ናፍጣ ያለ ኦክስጅን አይቃጠልም፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሲሊንደሩን የሚሞላው በአካባቢው ባለው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ኃይሉም በዚያው መጠን ገደማ ይወርዳል። ኦክስጅን ሳይበቃ የገባ ናፍጣ በከፊል ሳይቃጠል በጥቁር ጭስ መልክ ይወጣል።

የትልቁን ሞተር 96 ኪሎዋት በ0.79 ብናባዛው ወደ 76 ኪሎዋት እናገኛለን። ይህም የትንሹ ሞተር ኃይል ነው ማለት ይቻላል! ቱርቦ ከጭስ መውጫው በሚያገኘው ጉልበት አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደር ስለሚያስገባ የከፍታውን ጉዳት በአብዛኛው ያካክሳል። እንግዲህ በባሕር ዳርቻ በ21 ኪሎዋት ይበልጥ የነበረው ትልቅ ሞተር፣ አሰላ ሲደርስ ከትንሹ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ሙሉ ጭነት ሲይዙ ትንሹ ለእያንዳንዱ ቶን ወደ 28 ኪሎዋት ሲኖረው፣ ትልቁ ወደ 24 ብቻ ይኖረዋል።

ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡት እንደ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ያሉ ሯጮች አካል በከፍታ ላይ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት በማምረት ራሱን ከስሱ አየር ጋር እንደሚያላምድ ይታወቃል። ሞተር ግን እንዲህ ያለ ተፈጥሮ የለውም፤ ማላመጃው ቱርቦ ነው። እርግጥ ቱርቦ ንጹሕ ዘይትና ንጹሕ የአየር ማጣሪያ ይሻል፤ በአቧራማ መንገድ ላይ ቸል ከተባለ ቶሎ ይበላሻል፤ ጥገናውም ውድ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አሠራሩ ቀላል በመሆኑ በትንሽ ከተማ ጋራዥ ለመጠገን የተሻለ ነው።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

በእያንዳንዱ 100 ሜትር ርቀት 8 ሜትር ከፍ የሚል የኮረኮንች ዳገት እናስብ። ሙሉ ጭነት የያዘው ትንሹ መኪና (2,700 ኪሎ ግራም) በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውጣት፣ የስበትን ኃይልና የመንገዱን ሰበቃ ለማሸነፍ ወደ 31 ኪሎዋት ያስፈልገዋል። ትልቁ (3,200 ኪሎ ግራም) ደግሞ ወደ 37 ኪሎዋት ይፈልጋል። ሁለቱም ሞተሮች ይህን ያለ ችግር ይሰጣሉ። አሁን ባለቤቱ ትንሹን መኪና ከአቅሙ በላይ፣ 20 ኩንታል ጫነው እንበል። የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 42 ኪሎዋት ከፍ ይላል፤ ሞተሩ ይህንንም ይችለዋል!

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ዳገቱን ስለወጣ ባለቤቱ «ይችላል» ብሎ ይደመድማል። ዳገት የሚፈትነው ሞተሩን ነው፤ ቁልቁለት ግን የሚፈትነው ፍሬኑን ነው። ያው መኪና 300 ሜትር ከፍታ ወደ ታች ሲወርድ በከፍታው ያጠራቀመው ጉልበት የግድ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። በ10 ኩንታል ጭነት ይህ ጉልበት ወደ 7.9 ሚሊዮን ጁል ሲሆን፣ 26 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል (በአሰላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑን ያስታውሷል)። በ20 ኩንታል ግን 36 ሊትር ወደሚያፈላ ሙቀት ያድጋል። በባዶ ክብደቱ ከፍ ያለው ትልቁ መኪናም በ10 ኩንታል ወደ 31 ሊትር የሚያፈላ ሙቀት ያመነጫል፤ ይሁንና ፍሬኑ ለዚያ ክብደት የታሰበ ነው።

ሾፌሩ በከባድ ማርሽ የሚወርድ ከሆነ ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ሞተሩ ይወስደዋል። በቀላል ማርሽ ወይም ማርሽ አውጥቶ ከወረደ ግን ሙቀቱ ከሞላ ጎደል በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የመፍያ ነጥቡ ይቀንሳል፤ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ዳገት መውጣት መቻል ቁልቁለት በደኅና ለመውረድ ዋስትና አይሆንም።

የነዳጁንም ነገር እናንሣ። ከአዳማ እስከ አሰላ ያለውን ከፍታ በግምት 750 ሜትር ብንወስድ፣ ትልቁ መኪና ተጨማሪ ብረቱን ብቻ ወደ ላይ ለማውጣት 0.4 ሊትር ያህል ናፍጣ ያቃጥላል። አንዴ ሲታይ ኢምንት ነው፤ ከመቶ ምልልስ በኋላ ግን 40 ሊትር ይሆናል።

ዋልካው አፈርና የጭነቱ አቀማመጥ

ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ማሳ የሚገባ መኪና በክረምት ዋልካ አፈር ይጠብቀዋል። ጎማ በመሬት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በግምት በውስጡ ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል። 850 ኪሎ ግራም የተሸከመ የኋላ ጎማ በ3 ባር ሲነፋ መሬቱን የሚነካው በ280 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወደ 2 ባር ሲቀነስ ግን ስፋቱ ወደ 420 ይደርሳል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ጭቃ ላይ ጎማ የሚያስተነፍሱት። ይሁን እንጂ አስፋልት ላይ ሲወጡ መልሰው ካላስነፉት ጎማው እየተጣጠፈ ስለሚሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። በጭቃ ላይ ከባዱ መኪና የመስመጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ድንጋይና ቦይ በበዛበት መንገድ ላይ ግን ጠንካራው ሻንሲ ብልጫውን ያሳያል።

የጭነት አቀማመጥም ከመኪናው መጠን ያልተናነሰ ቦታ አለው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 3 ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ፣ ሦስት ኩንታል ከኋላ ጎማው 90 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ በማንሻ ሕግ መሠረት ከፊት ጎማዎች 90 ኪሎ ግራም ያነሣል፤ በኋላዎቹ ላይ 390 ይጨምራል። ፊቱ የቀለለ መኪና መሪውን አይታዘዝም። ደብል ጋቢና የጭነት ሣጥኑ አጭርና ወደ ኋላ ያፈገፈገ በመሆኑ ችግሩ ይብስበታል። በጭነቱ ላይ ሰው ሲጨመርበት ደግሞ የክብደት ማዕከሉ ከፍ ስለሚል በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ አደጋ ይከተላል።

ያለፈው ታሪክ የሚያስተምረን

«የትኛው መሣሪያ ለዚህ አገር ይስማማል?» የሚለው ጥያቄ ለአሰላ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው፣ ካዱ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለአነስተኛ ገበሬዎች ከማዳረሱ ጎን ለጎን ለአካባቢው የሚስማሙ የእርሻ መሣሪያዎችን ይመረምር ነበር። ይሁን እንጂ ምርቱ አዋጭ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቀሉ። መሣሪያው በራሱ ጥፋት አልነበረበትም፤ ለማንና ለምን እንደሚውል ሳይታሰብበት መግባቱ ግን ብዙዎችን ጎድቷል። የመኪናም ምርጫ በዓላማ እንጂ በግዝፈት ሊጀመር አይገባውም።

የወደፊቱም ሌላ ገጽታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ወስኗል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይሻ ከፍታ ኃይሉን አይቀንስበትም፤ ቁልቁለት ሲወርድም በሙቀት መልክ የሚባክነውን ጉልበት በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። በዚህ ረገድ ደጋው ለኤሌክትሪክ መኪና የተመቸ ነው፤ የባትሪው ክብደት ከጭነቱ ላይ እንደሚቀነስ ግን መዘንጋት የለበትም።

እንግዲህ የትኛውን እንምረጥ?

ከላይ ካየነው ስሌት በመነሣት፣ ጭነቱ በአንድ ጊዜ ከ10 ኩንታል ለማይበልጥና መንገዱ አስፋልት ወይም ደኅና ኮረኮንች ለሆነለት ሰው፣ ባለ ቱርቦው ትንሽ ነጠላ ጋቢና በደጋው ላይ የተሻለ ምርጫ ነው። ዓመቱን ሙሉ ድንጋያማ በሆነ መንገድ ለሚመላለስና ቱርቦ የሚጠግን ጋራዥ ለራቀው፣ የትልቁ ጥንካሬ ተጨማሪውን ነዳጅ ያካክሳል። ጭነቱ ዘወትር 20 ኩንታል ለሚሆንበት ግን ከሁለቱ አንዱም መልስ አይደለም፤ መልሱ እንደ አይሱዙ ያለ የጭነት መኪና መከራየት ወይም ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ በበርካታ መኪኖች የበር ክፈፍ ወይም ሞተር ክፍል ውስጥ የተፈቀደውን ጠቅላላ ክብደት የሚገልጽ ትንሽ ሰሌዳ ይገኛል። ከዚያ ቁጥር ላይ የመኪናውን ባዶ ክብደት፣ ከዚያም የተሳፋሪዎቹን ክብደት ቀንሱ፤ የቀረው የእህሉ ድርሻ ነው። ቤተሰባችሁ መኪና ለመግዛት ሲመክር ይህን ስሌት በአንድ ወረቀት ላይ ሠርታችሁ ብታቀርቡ፣ ከክፍል የተማራችሁት ፊዚክስ ከፈተና ያለፈ ጥቅም እንዳለው ለእናንተም ለወላጆቻችሁም ይገለጥላችኋል።