ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርባችሁ እንደ ተቀመጣችሁ ተስፋ አለኝ። የዛሬው ንባባችን ስለ አንድ የአዲስ አበባ ጎዳና ነው፤ ይኸውም ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ቁልቁል ለገሃር ድረስ የሚወርደው ቸርችል ጎዳና ነው።

ነገሩን ያስነሡብኝ በማታው ትምህርት ከማስተምራቸው እናቶች አንዷ ናቸው። እኒህ እናት ለብዙ ዘመን ለገሃር አካባቢ ቆሎ ሲሸጡ ኖረዋል። ፊደል ለይተው ቃል መጻፍ በጀመሩ ሰሞን ‹‹ለገሃር›› ብለው ጻፉና ቀና አሉ። «መምህር፥ ‹ለ›ን አውቃታለሁ፤ ለእገሌ፥ ለእገሊት የምንላት ናት። ገሃር የሚባል ሰው ነበረ እንዴ?» አሉኝ።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ቃሉን ስንጠራው የኖርን ሁላችንም እኮ አልጠየቅነውም!

እነሆ መልሱ። የምድር ባቡሩን የሠራው የፈረንሳዮች ኩባንያ ነበር። ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን ‹‹ጋር›› ይሉታል፤ ‹‹ላ›› ደግሞ ከስም ፊት የሚያስቀምጧት ቃል ናት። የእኛ ሰው ‹‹ላ ጋር›› ሲሉ በጆሮው ሰማ፥ በአፉም እንደሚመቸው አድርጎ ‹‹ለገሃር›› አለው። እንግዲህ ለገሃር ማለት ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ገሃር የሚባል ሰው የለም።

አሁን ጎዳናው ለምን እዚያ ቦታ እንደ ወጣ እንመልከት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ኑሮዋ ሁሉ ከላይ፥ ከዳገቱ ላይ ነበር። ቤተ መንግሥቱ፥ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና የአራዳ ገበያ ሁሉም ከፍ ባለው መሬት ላይ ናቸው። ባቡሩ ግን ከጂቡቲ መሠራት የጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፥ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው።

ታዲያ ባቡር ዳገት አይወድም። በአቃቂ በኩል መጥቶ ከከተማው በታች በሜዳው ላይ ቆመ። ከተማው ላይ፥ ባቡሩ ታች ሆነ ማለት ነው። ቆርቆሮው፥ ጨርቁ፥ ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ ሁሉ ሽቅብ ወደ አራዳ መውጣት ነበረበት፤ ቡናውና ቆዳው ደግሞ ቁልቁል ወደ ጣቢያው መውረድ ነበረበት። ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ የግድ ሆነ። እኔ በበኩሌ ይህን ጎዳና የወለደው ባቡሩ ነው እላለሁ።

የድንጋዩ የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1923 ዓ.ም.፥ በንግሥ በዓሉ ሰሞን፥ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከፊቱ ቆመ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 አገራችንን በወረረበት ዘመን አንበሳውን ነቅሎ ወደ ሮማ ወሰደው፤ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። ከነጻነት በኋላም ጎዳናው በጦርነቱ ጊዜ በነበሩት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በዊንስተን ቸርችል ስም ተጠራ።

ከላይ ወደ ታች በእግር ብትወርዱ ዘመኑን በመልክ ታዩታላችሁ። በ1950ዎቹ የተሠራውን ማዘጋጃ ቤት ከኋላችሁ ትታችሁ፥ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የቆመበትን ቴዎድሮስ አደባባይና ሊሴ ገብረ ማርያምን አልፋችሁ፥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የትግላችን ሐውልት ዘንድ ትደርሳላችሁ። ሐውልቱ በሰሜን ኮርያ እርዳታ ተሠርቶ በ1977 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ነው። ዝቅ ስትሉ ዋናው ፖስታ ቤት፥ ቀጥሎም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር አለ። በቴአትሩ አጠገብም የድንጋይ አንበሳ ቆሟል። ልብ በሉ፤ ከሆስፒታሉ ስም ጋር ስንቆጥር በአንድ ጎዳና ሦስት አንበሳ አገኘን።

ጎዳናው ዛሬም እየተለወጠ ነው። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር በለገሃር በኩል መመላለስ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. መንገዱ እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ ታድሶ የእግረኛው ወገን ሰፋ። ከላይ በማዘጋጃ ቤት በኩል ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ተመረቀ። የጂቡቲው አዲስ ባቡር ግን በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መንገደኛውን የሚጭነው ለገሃር አልሆነም፤ ከከተማው ዳር፥ በለቡ በኩል ነው።

ይህን ሁሉ ለእኒያ እናት ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንዲያ ከሆነ ጣቢያው ወደ ለቡ ከሄደ ስሙንም ይዞት መሄድ ነበረበታ!» አሉኝ። በማግስቱ ከታክሲው በር ላይ ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» ሲል ሰምተው፥ «ይኸው፥ ባቡር ጣቢያ፥ ባቡር ጣቢያ እያለ ይጮኻል» ብለው ለጎረቤታቸው አስረዱ።