መኪናና ጀልባ ለምን ያጥወለውለናል? «ወራጅ አለ» የማይባልበትን ቀን እንዴት እናሳልፍ?



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ መኪና ያመኛል። ትንሽ ከሄድን ምራቄ ይሞላል፣ ላብ ላብ ይለኛል፣ ያጥወለውለኛል። ምን ይሻለኛል?» ታክሲ ላይ ቢብስባችሁ «ወራጅ አለ» ብላችሁ ትወርዳላችሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ረጅም መንገድ ላይ፣ ጣና ላይ በጀልባ ወይም ውጭ ያሉ ልጆቻችሁ በጋበዟችሁ ትልቅ መርከብ ላይ ብትሆኑስ? እዚያ መውረጃ የለም። ስለዚህ ዝግጅቱ ከመሳፈር በፊት ነው የሚጀምረው።

በመጀመሪያ፣ ይሄ ነገር የጨጓራ በሽታ አይደለም። የድክመት ምልክትም አይደለም። በ1831 (እ.ኤ.አ.) ቢግል በተባለችው መርከብ ተሳፍሮ ዓለምን ለ5 ዓመት ገደማ የዞረው ሳይንቲስቱ ቻርልስ ዳርዊን ባሕሩ ክፉኛ ያመው ነበር። የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰንም እንደዚያው።

🔹 ለምን ይከሰታል?

በውስጠኛው የጆሯችን ክፍል ሚዛናችንን የሚጠብቅ አካል አለ። መኪናው ሲታጠፍ፣ ጀልባው ከፍ ዝቅ ሲል ለአእምሯችን «እየተንቀሳቀስን ነው» ይለዋል። ዓይናችን ግን ስልክ ላይ ከተተከለ «ኧረ ቁጭ ብለናል» ይላል። አእምሮ ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ማዛጋት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይመጣል። የሁለቱም ጆሯቸው የሚዛን አካል ሙሉ በሙሉ ሥራ ያቆመ ሰዎች በጉዞ አይታመሙም። የችግሩ መነሻ ሆድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

በብዛት የሚያጠቃው ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን፣ ሴቶችን (በተለይ በእርግዝናና በወር አበባ ጊዜ) እና ማይግሬን ያለባቸውን ሰዎች ነው።

🔹 መኪና ላይ ምን እናድርግ?

ከሱሉልታ የጎጃምን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው ከጎሃ ጽዮን በኋላ የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ደጀን ለመድረስ መልሶ ይወጣል። ከሰበታ ወደ ጅማ የሚሄደውም የግቤን ቁልቁለት ያገኛል። እዚህ ቦታ ሳትደርሱ እነዚህን አስተካክሉ፦

1. መቀመጫ፦ የኋላ ወንበር በጣም ይንጣል። ለአዋቂ ጋቢና ጥሩ ነው፣ መንገዱን ከፊት ለፊት ያያል። ልጅን ግን ጋቢና ላይ አቅፎ መቀመጥ አደገኛ ነው። ልጁ ከኋላ ቀበቶ ታስሮ፣ በመስኮቱ ሩቅ እያየ ይቀመጥ።

2. ስልክ፦ ይህን ጽሑፍም ቢሆን ታክሲ ውስጥ አታንብቡት! ሩቅ ያለ ተራራ ወይም ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር እዩ። ካልሆነ ጭንቅላታችሁን አስደግፋችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ።

3. መስኮት፦ «ንፋስ ይመታናል» እያልን መስኮት ዘግተን በናፍጣ ሽታ እንታፈናለን። ንጹሕ አየር ማቅለሽለሽን ይቀንሳል። ጎረቤታችሁን በትሕትና አስፈቅዳችሁ ትንሽ ክፈቱት።

4. ምግብ፦ ባዶ ሆድም ሆነ ቅቤ የበዛበት ቁርስ አይመከርም። ዳቦ፣ ቂጣ ወይም ሙዝ ይበቃል። ውኃ በትንሽ በትንሹ ጠጡ፣ አልኮል ይቅር።

5. ሎሚና ዝንጅብል፦ ሎሚ ማሽተት ደስ ካላችሁ አሽትቱ፣ ጉዳት የለውም። ዝንጅብል አንዳንድ ሰዎችን ይረዳል፣ ማስረጃው ግን ጠንካራ አይደለም።

🔹 ጀልባና መርከብ ላይስ?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የምትሻገሩ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋሱ ስለሚበረታ ማዕበሉ ይጨምራል። የጀልባው አፍንጫ በብዛት ይዘላል፣ ስለዚህ ወደ መሃል ተቀምጣችሁ ዳርቻውን ተመልከቱ። የሕይወት አድን ጃኬቱንም ልበሱ።

በትልቅ መርከብ ላይም ሕጉ ያው ነው፦ መሃልና ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ምረጡ። መሬት በማይታይበት ቀን ስሜቱ ከመጣ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ መተኛት ሳይሆን ወደ ውጭ ወጥቶ አድማሱን ማየት ነው የሚሻለው። ብዙ ሰው በ2 ወይም 3 ቀን ይላመዳል። ከወረዳችሁ በኋላ መሬቱ ለአንድ ሁለት ቀን የሚወዛወዝ ቢመስላችሁ አትደንግጡ።

ነገር ግን መርከቡ ላይ ትውከቱ ከተቅማጥ ጋር ከመጣና ሌሎችም ከታመሙ ይህ የባሕር ሕመም ላይሆን ይችላል። ኖሮቫይረስ የሚባል ተላላፊ ጀርም መርከብ ላይ በፍጥነት ይዛመታል። እሱን ሳኒታይዘር በደንብ አይገድለውም። እጃችሁን በውኃና በሳሙና ታጠቡ፣ ለመርከቡ ሐኪምም ተናገሩ።

🔹 መድኃኒት፦ እዚህ ላይ በደንብ አንብቡኝ

መድኃኒቱ የሚሠራው ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ከጉዞው ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አስቀድሞ ሲወሰድ ነው። ፕሮሜታዚን፣ ዳይመንሃይድሪኔትና ሜክሊዚን ይረዳሉ። ሁሉም ግን እንቅልፍ ያመጣሉ። ስለዚህ ሹፌር አይወስዳቸውም፣ ከአልኮል ጋርም አይወሰዱም። ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት እብጠት ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሩ።

ብዙ ሰው ከፋርማሲ የሚገዛው ሜቶክሎፕራማይድ (ፕላሲል) ለሌላ ዓይነት ትውከት ያገለግላል እንጂ ለጉዞ ሕመም እምብዛም አይጠቅምም። በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ደግሞ አንገትና ዓይን የሚያጣምም የጡንቻ መኮማተር ሊያመጣ ይችላል።

⚠️ እናቶችና አባቶች ሆይ! «መንገድ ላይ እንዳያስቸግረን፣ ይተኛልን» ተብሎ ለሕፃን የሚሰጥ የፕሮሜታዚን ሽሮፕ አለ። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። ትንፋሹን ሊያቆምና ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ደግሞም በዚህ ዕድሜ ያሉ ሕፃናት የጉዞ ሕመም የሚይዛቸው ከስንት አንዴ ነው። ሕፃኑ መንገድ ላይ ካስመለሰ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው የሚያስፈልገው።

🔹 መቼ ነው ሐኪም ጋ የሚኬደው?

• ከወረዳችሁ ከሰዓታት በኋላም ትውከቱ ካልቆመ
• ትውከቱ ደም ካለው
• ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም ወይም ትኩሳት ካለ
• መስማት ከቀነሰ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ
• ሽንት ከጠፋ ወይም ሰውየው ከደነዘዘ

እነዚህን «መኪና ነው ያመመው» ብላችሁ አትለፏቸው።

መኪና የሚያመው ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ካላችሁ፣ በተለይ ሕፃን ይዞ ለጉዞ የተነሳ ሰው ካለ፣ ከመሳፈሩ በፊት ይህን አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ ከስር ጻፉልኝ።

መልካም ጉዞ! ጤናችሁ ይብዛ።