ከአገር ርቆ በዓልን ማክበር

ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ በቡሄ ዋዜማ፣ በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ ችቦ ይበራል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ለሚመጡ ልጆችም እናቶች ሙልሙል ያድላሉ። ሕንዶችም የሚመሳሰል የብርሃን በዓል አላቸው፤ ስሙ ዲዋሊ ይባላል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት፣ የዘይት መብራት በየደጃፉ ይደረደራል። ሂንዱዎች የራማን ከስደት መመለስ፣ ሲኮች የመሪያቸውን የጉሩ ሃርጎቢንድን ከእስር መፈታት፣ ጃይኖች ደግሞ የመምህራቸውን የማሃቪራን የመጨረሻ ነፃ መውጣት ያስቡበታል።

በ1972 እ.ኤ.አ. ኢዲ አሚን ከኡጋንዳ ካባረራቸው የእስያ ተወላጆች ጥቂት የማይባሉት በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ ሰፈሩ። ቤትና ሱቃቸውን ጥለው ቢወጡም በዓላቸውን አልጣሉም፤ ዛሬ ዲዋሊ በዚያች ከተማ ጎዳና ላይ ብዙ ሺህ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይከበራል።

ከትውልድ ቀዬአችሁ ርቃችሁ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር የምትኖሩ እናቶች ከዚህ የምትወስዱት ቁም ነገር አለ። ሥራ ሲበዛባችሁ ዳቦውን ከዳቦ ቤት መግዛት ይቻላል፤ ትርጉሙ ግን ከየትም አይገዛም። ችቦው በታቦር ተራራ የታየው ብርሃን፣ የጅራፉ ጩኸትም በዚያው የተሰማው ድምፅ ምሳሌ መሆኑን ሊጡን አብራችሁ እያድበለበላችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ምክንያቱ ያልተነገረው ልጅ ሙልሙሉን በልቶ በዓሉን ይረሳል።