የወተት ጥርስ እንዳይናቅ

የወተት ጥርስ ወላቂ ስለ ሆነ ቢበላሽም ግድ የለም የሚሉ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ለተተኪዎቹ ስፍራ ጠባቂዎች ናቸው፤ አንዱ ያለጊዜው ቢነቀል ጎረቤቱ ወደ ባዶው ስፍራ ያዘነብላል፥ ተተኪውም ተጣሞ ይበቅላል። ይልቁንም ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን «ግግ ነው» ብሎ ድዱን በስለት ማስፈልፈል ከሥር ያለውን የጥርስ ቡቃያ ያጠፋል፤ ቁስሉም ይመረቅዛል፤ ተቅማጡን ግን አያድንም።

የሕፃናት ጥርስ ሐኪም የሚባለው፥ የጥርስን ሕክምና ከፈጸመ በኋላ የልጆችን መንጋጋ አስተዳደግና ጠባያቸውን ለብቻው የተማረ ነው። መሣሪያውን አስቀድሞ ለልጁ አሳይቶና አስረድቶ ይሠራል። በ6 ዓመት ገደማ ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ የማይተካ ስለ ሆነ፥ ሸንተረሩን ደፍኖ ከመበስበስ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ልጅን ገና 1 ዓመት ሳይሞላው ለእንዲህ ያለው ሐኪም ማሳየት ይገባል፤ ሕመምን ሳያውቅ ሐኪሙን የለመደ ልጅ አይፈራምና።